በቀይ ክር የታሰረው ዲናሞ

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰውን ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ ይባላል፤ እኔም እንደዚያው ስል ነበር። ሽቦን እንጂ ሰውን እንደማላውቅ የተረዳሁት በዚያው ዓመት ነው።

ባሕር ዳር የገባሁት ግን በልጅነቴ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ዱርቤቴ ጨርሼ ቁጭ ባልሁበት፣ የእናቴ ወንድም መጥተው «ይህችን ልጅ ስጡኝ፣ ከእኔ ጋር ትኑር» ብለው ወሰዱኝ። አጎቴ ዲናሞ ጠቅላይ ናቸው። ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የውኃ መሳቢያ ሞተርም ሆነ ጄኔሬተር ሆዱ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ያ ሽቦ የተቃጠለ ዕለት ዕቃው ሞተ ማለት ነው። የተቃጠለውን በመሮና በመዶሻ ቆርጦ አውጥቶ፣ ብረቱን ጠርጎ፣ በአዲስ ሽቦ ሆዱን የሚሞላለት ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው እንግዲህ አጎቴ ናቸው።

ሱቃቸው ወደ ሐይቁ፣ ወደ ጀልባዎቹ ማቆሚያ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ከጣና በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣል፤ ከሰዓት ደግሞ የእኛ ቫርኒሽ ሽታ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መጀመሪያ ሥራዬ መጥረግና ምሳ ማመላለስ ነበር። ኋላ ላይ አሮጌ ሽቦ ነቃይ ሆንሁ፤ ጣቶቼ ቀጫጭን ስለነበሩ ጠባቡ የብረት ስንጥቅ ውስጥ ይገቡ ነበር። አጎቴ ይህን አይተው መጠቅለሉን አስተማሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ደንበኛ «ሴት ልጅ ዲናሞ ትጠቀልላለች እንዴ?» ብሎ ሲስቅ፣ «አንተ ሚስትህ የጋገረችውን ስትበላ ማን ጋገረው ትላለህ?» ብለው አፉን ያስይዙልኝ ነበር። አመሻሽ ላይ በሩን ስንዘጋ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «እኔ ስደክም ይህ ሱቅ ያንቺ ነው፤ ከዚህ ሐይቅ ዳር ማንም አይነቀንቅሽም» ይሉኛል። እኔም ያንን ቃል እንደ እንጀራዬ ቆጥሬ ኖርሁ።

በሥራችን አንድ ልማድ አለ። ጥቅሉ ብረቱ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ከሁለቱም በኩል የሚተርፈው የሽቦ ጭንቅላት በጥጥ ክር ይታሰራል፤ ከዚያ ቫርኒሽ ይጠጣና ይደርቃል። እኛ ቤት የአጎቴ ክር ነጭ ነበር፣ የእኔ ቀይ። ዕቃው ዓመት ቆይቶ ተበላሽቶ ሲመለስ፣ ክዳኑን ከፍተን ክሩን ስናይ የማን እጅ እንደሆነ እናውቃለን። ስም አንጽፍም፣ ማኅተም የለንም፤ ክሩ ነው ፊርማችን። ቫርኒሽ ከጠጣ በኋላ ከክሩ በስተቀር የሚናገር ነገር የለም። ሽቦው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ውስጡን ለማየት ማፍረስ ያስፈልጋል።

እኔንና አጎቴን ያራራቀን ግን ከክሩ በፊት አንድ ጥያቄ ነው። የሐይቅ ዳር ሰዎች መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣሉ። ፍሪጃቸው በመብራት ሲሠራ ዝም ይላል፤ እኛ በጠቀለልነው ጄኔሬተር ሲሠራ ግን ያጉረመርማል። ቬንትሌተሩም እንደዚያው እንደ ንብ ያነበንባል። «ለምንድን ነው ጋሼ?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው።

«ጄኔሬተር ስለሆነ ነዋ!»

«ቴስተሩ እኮ ያው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ምን ጎደለሽ? አንቺ ነሽ የምታጉረመርሚው ፍሪጁ?»

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን አልተወኝም። መንገድ ዳር ሸራ አንጥፈው አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት አንድ ሽፋን የሌለው የፊዚክስ መጽሐፍ ገዛሁ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹን በመዝገበ ቃላት፣ ግማሹን በግምት፣ የተረፈውን በስልኬ ቪድዮ እያየሁ ገፋሁት።

የገባኝን እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። ሽቦ በማግኔት አጠገብ ሲንቀሳቀስ፣ ወይም ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲያልፍ፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ይህን አጎቴም ያውቁታል። ያስቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የሚነሣው ኤሌክትሪክ ባለበት አይቆምም። ሽቦው እየዞረ የማግኔቱን ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲያቋርጥ ይበረታል። ከጉልበቱ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ምንም የለም። ዞሮ በሌላው አቅጣጫ ሲያቋርጥ ደግሞ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ፊት፣ ባዶ፣ ወደ ኋላ፣ ባዶ። በወረቀት ሲሣል ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል፤ መጽሐፉ ሳይን ሞገድ ይለዋል። እሺ፣ ኮረብታው ለምን ጫፉ ክብ ሆነ? ለምን እንደ ድንኳን አልሾለም? ለምንስ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን አልሆነም?

መልሱን ያገኘሁት ከብስክሌት ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የሌለበት ቤት የለም፤ የአጎቴንም አሮጌ ብስክሌት ግቢው ውስጥ ገልብጬ አቆምሁትና ጎማው ጠርዝ ላይ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አሰርሁበት። የማታዋ ፀሐይ ዝቅ ብላ ግድግዳውን ታበራለች። ጎማውን ከፀሐይዋ ጋር ትይዩ አድርጌ አዙሪልኝ ብዬ… አይ፣ «ያዙሩልኝ» ነው ያልሁት፣ ያዞሩልኝ የአጎቴ ሚስት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጎማው ሲዞር የጨርቁ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎማው የሚዞረው ባንድ ዓይነት ፍጥነት ነው፤ ጥላው ግን እንደዚያ አይደለም። መሃል ላይ ሲደርስ ይበርራል። ጫፍ ሊነካ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ጥቂት የቆመ ይመስላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መመለስ ይጀምራል። ከሰል አንሥቼ በግድግዳው ርዝመት ወደ ጎን እየተራመድሁ ጥላውን ተከትዬ ሣልሁት። ክብ ኮረብታ፣ ክብ ሸለቆ፣ እንደገና ክብ ኮረብታ።

«ውይ! ኖራ ያስቀባሁትን ግድግዳ!» አሉ እትዬ፣ እጃቸው ግን ማዞሩን አልተወም። «ምንድን ነው እሱ? እባብ ነው?»

«ኤሌክትሪክ ነው እትዬ።»

«በይ እንግዲያ እንዳይነድፍሽ።»

ለካስ ጥላው ከፍ ዝቅ እንደሚለው ነው ሽቦው ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክም የሚበረታውና የሚደክመው። በክብ የሚዞር ነገር ማግኔቱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው የተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ እየተጋደመ፣ እየተጋደመ ይሄዳል። ለዚህ ነው ኮረብታው የማይሾለው። ክቡን የሰጠው ዙረቱ ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበር፤ ለእትዬ ነገርኋቸው፣ እሳቸውም ራት ላይ ለአጎቴ «ልጅዎ ዛሬ መብራትን በጥላ ያዘችው» ብለው ነገሯቸው።

ግን የመጽሐፉ ጄኔሬተር ሌላ፣ የእኛ ሌላ። እኛ ጋ የሚመጣው መሃሉ ላይ ማግኔት ይዞራል፤ ሽቦው ዙሪያውን ብረት ውስጥ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል። ጥቅሎቹም ትልቅና ትንሽ ሰፌድ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚቀመጥ ናቸው፤ ሰፊው ውጭ፣ ጠባቡ ውስጥ። አንድ ቀን ማንም ጠቅላይ ያልነካው፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የተቃጠለ ጄኔሬተር መጣልን። ስነቅለው እያንዳንዱን ጥቅል ዙር በዙር ቆጠርሁት። እኩል አይደሉም! ሰፊው ብዙ ዙር አለው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ዙሩ እያነሰ ይሄዳል። አጎቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁሉንም እኩል ነው የሚጠቀልሉት፤ እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ድምሩ ልክ ከሆነ ቴስተሩ ልክ ይላል። ፍጥነትም አለው፣ ሽቦ በምናዞርበት ማጠንጠኛ ላይ መቁጠሪያ መቀያየር የለም።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱን ትንሽ ደረጃ ይሰጣል፤ ደረጃዎቹ ተደምረው ነው ኮረብታ የሚሆኑት። ዙሩ እንደ ፋብሪካው ከተመጠነ ደረጃዎቹ ይቀልጡና ኮረብታው ይለሰልሳል። እኩል ከሆኑ ግን ኮረብታው ትከሻ ያወጣል፣ ይጎረብጣል። ሞተር ያ ጉርብጥብጥ ሲገባበት ያጉረመርማል፤ ማጉረምረም ብቻ ሳይሆን ውስጥ ውስጡን ይግላል። አምፖል ምንም አይለውም፣ ይበራል። ቴስተሩም ቁጥር እንጂ ቅርጽ አያሳይም።

ቅርጹን የምታሳይ መዳፍ የምታህል ኦሲሎስኮፕ አዲስ አበባ ከሚመላለስ ሾፌር አስመጣሁ። ትንሽ መስኮት አላት፤ ሞገዱ በእሷ ውስጥ ይታያል። አጎቴ «የልጅቷ ቴሌቪዥን» ይሏታል። «ዛሬስ ምን ድራማ አለ?»

«የእርስዎ ጥቅል ነው ጋሼ። ይዩት፣ ኮረብታው ትከሻ አለው።»

«ትከሻ የሌለው ምን ይሸከማል!»

«እንደ ፋብሪካው ብናደርገውስ? ሰፊውን ብናበዛ፣ ጠባቡን ብናሳንስ?»

«ሽቦ ታላቅና ታናሽ የለውም» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አልከለከሉኝም ግን። የእኔን በእኔ መንገድ ጠቀለልሁ። ፍሪጆች ዝም አሉ። የሐይቅ ዳር ሰው ወሬ የሚያደርሰው ከጀልባ ፈጥኖ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ «በቀዩ ክር ይሁንልኝ» ማለት ጀመረ። አንዳንዱ እንዲያውም አጎቴን ራሳቸውን «ልጅቷ የለችም እንዴ?» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። «አለች፣ ቴሌቪዥን እያየች ነው» ይላሉ። እኔ ሳቁን ሳቅ ብዬ ያዝሁት። በሐይቅ ዳር ሰው ዘንድ ስም ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ርስት የለኝም፣ የትምህርት ወረቀት የለኝም፣ ባል የለኝም። ያ ክር ነበረኝ።

በቀዩ ክር ይሁንልኝ ካሉት አንዷ ወዳጄ ነበረች። ሙስሊም ናት፣ ዓሣ ነጋዴ፤ ወንድሞቿ ጀልባ ይሠራሉ፣ እሷ ጠዋት ከአጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ተቀብላ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥና ለምግብ ቤቶች፣ አልፎም እስከ አንበሳሜ ትልካለች። ያ ፍሪዘር የቤቱ ምሰሶ ነበር። ጄኔሬተሯ ተቃጥሎ አመጣችው። «እኅቴ፣ ያው በእጅሽ» አለችኝ። ሽቦውን ነቅዬ፣ ብረቱን ጠርጌ፣ ልጀምር ስል ከዱርቤቴ ስልክ ተደወለ፤ የአባቴ እኅት አርፋለች።

«እኔ እስክመለስ ይቆየኝ ጋሼ» አልሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየለበስሁ።

«ሂጂ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይጠብቅሻል፣ የትም አይሄድም።»

ለቅሶው ላይ ሰንብቼ ስመለስ ጄኔሬተሩ የለም።

«ማን ጠቀለለው?»

«እኔ ነኛ። ሴትዮዋ ቸኮለች፣ ዓሣዬ ሊበላሽ ነው አለች።»

«እንደ ፋብሪካው?»

«እንደ ፋብሪካው» አሉ። ዓይኔን እያዩ ነው ያሉት። ደስ አለኝ እንዲያውም። በመጨረሻ ሰሙኝ ብዬ ለእትዬ ነገርኋቸው፤ እትዬ ድስት ያማስሉ ነበር፣ ቀና አላሉም።

ወራት አለፉ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ዓሣ በጣም የሚፈለግበት ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ወዳጄ ደወለች፤ ድምፅዋ ሌላ ሰው ይመስላል። «ፍሪዘሩ ሞተ። ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የሞተው። ኑልኝ።»

አጎቴና እኔ በባጃጅ ሄድን። ግቢዋ ከሐይቁ ጋር አጥር የለውም፤ አንድ ገና ያላለቀ ጀልባ ተገልብጦ ተቀምጧል። ዓሣው በረዶው እየለቀቀው በየሳፋው ተደርድሯል፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ያጥባል፣ ጨው ይነሰንሳል። ፍሪጅ ጠጋኙ አይቶ ሄዷል፤ ሞተሩ ግሎ ግሎ ተቃጥሏል፣ መብራታችሁን አስመርምሩ ብሏቸዋል።

«የፍሪዘሩ ዕድሜ ነው» አሉ አጎቴ። ጄኔሬተሩን አስነሥተው የቴስተሩን ሽቦ ሰኩ። «ይኸው ሁለት መቶ ሃያ። ምን ይሁን?»

እኔም ትንሿን መስኮቴን አውጥቼ ሰካሁ። ኮረብታው ትከሻ አለው። እንዲያውም ከሁሉ የባሰ ነበር፤ በሁለቱም ጎን ይጎረብጣል። እንደ ፋብሪካው ያሉኝ እንዲህ ነው?

«ይከፈት» አልሁ።

«ምን ያስከፍታል?» አሉ አጎቴ ፈጥነው። «ሥራ ማጣት ነው።»

«ይከፈት አባባ» አለች ወዳጄ። «ንብረቱ የእኔ አይደል? ይከፈት።»

ክዳኑን ፈታሁት። ቫርኒሹ እንደ ማር ደርቋል፤ ከቫርኒሹ ሥር፣ የሽቦው ጭንቅላት ዙሪያውን የታሰረው በቀይ ክር ነው።

ወዳጄ ጎንበስ ብላ አየች። «ያንቺ ነው አይደል ይኸ?» አለች። ክፋት አልነበረውም አባባሏ፤ ግር ብሏት ነው።

አጎቴን አየኋቸው። እሳቸው ክሩን ነው የሚያዩት። ጎረቤቶቹ ዓሣ ማጠቡን ትተው ቆመዋል። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቅንጣት አልተጠራጠርሁም። እሳቸውም ተናገሩ።

«በእሷ አትፍረጅ» አሉ ለወዳጄ፣ ድምፃቸው እንዴት ለስልሶ! «ልጅ ናት፣ እየተማረች ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላይ የለቀቅሁት። ይቅርታ ጠይቄሻለሁ።»

«ጋሼ! እኔ እኮ ዱርቤቴ ነበርሁ!»

«ከመሄድሽ በፊት ጀምረሽው አልነበር? ኀዘን ላይ ነበርሽ፤ ሰው ኀዘን ላይ ሆኖ ይሳሳታል።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለእኔ ነው የመጠጠው። ወዳጄ ትከሻዬን ያዘች፣ እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «አይዞሽ እኅቴ፣ ከአላህ ነው። ለሰው የማይደርስ የለም።» ያን ያህል ዓሣ ተበላሽቶባት እኔን ታጽናናለች! ላልሠራሁት ነገር ይቅር አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያሳደጉኝን ሰው ውሸታም ናቸው ማለት ነበረብኝ። ጨው አንሥቼ ከጎረቤቶቹ ጋር ዓሣው ላይ መነስነስ ጀመርሁ።

ሱቅ እንደ ተመለስን አጎቴ ማጠንጠኛው ላይ ተቀምጠው ሽቦ ማዞር ጀመሩ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

«ክሬን ለምን አሰሩበት?»

መዞሩ አልቆመም። «ደንበኛ የጠየቀውን ነው የሰጠሁት።»

«እኔን ነው የጠየቀች፣ ክር አልጠየቀችም።»

ያን ጊዜ እጃቸው ቆመ። «እኔ ይህን ሐይቅ ዳር ስጠቀልልለት የኖርሁ ሰው ነኝ። አንቺን ከዱርቤቴ አምጥቼ ሽቦ ያስያዝሁሽ ሰው ነኝ። ዛሬ በገዛ ቤቴ በር ላይ ‹ልጅቷ የለችም እንዴ› ይለኛል፣ የጀልባ ቀዛፊው ሁሉ! የእኔንማ በነጭ ክር ሰጥቻት ቢሆን አትወስደውም ነበር። በቀይ አሰርሁላት፣ ደስ ብሏት ወሰደች። ልዩነቱ የታለ?»

«ልዩነቱ ፍሪዘሩ ነዋ!»

«ሞገድ፣ ሞገድ! አንቺና ቴሌቪዥንሽ! እኔ እንደማውቀው ነው የሠራሁት።» በለሰለሰ ድምፅ ቀጠሉ፤ ከጩኸታቸው ይልቅ የጎዳኝ ይህኛው ነው። «ምን ይጎድልሻል? ይቅር ብላሻለች። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፍሪዘር አቃጠለ ከተባልሁ ግን አለቀልኝ።»

የእጅ ቦርሳዬንና ኦሲሎስኮፔን ይዤ ወጣሁ። እስካሁን ስለ እሳቸው ስጽፍ «እሳቸው» ነው የምል፤ ሌላ አነጋገር አፌ አያውቅም።

ዘንዘልማ፣ አዲሶቹ ቤቶች ከጤፍ ማሳው ጋር በሚገናኙበት፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ። በሩ ላይ «ዲናሞ እንጠቀልላለን» ብዬ በቀለም ጻፍሁ። ባጃጆች ያልፋሉ፣ ሚኒባሶች ያልፋሉ፤ ማንም አይቆምም። ሰው የሚያውቀኝ ሐይቅ ዳር ነው፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ‹ፍሪዘር ያቃጠለችዋ› ሆኛለሁ። አንድ ጀልባ ያለው ደንበኛዬ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «አንቺ ሰላም ነሽ? አጎትሽ እንኳ እንዴት ያለ ሰው ናቸው፣ ጥፋትሽን በራሳቸው ላይ ወሰዱልሽ!» አለኝ። አጎቴን እያመሰገነ ዲናሞውን ወደ እሳቸው ወሰደ። ስሜን ካላስመለስሁ ያን ሥራ ልተወው ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ስለዚህ ወደ ወዳጄ ሄድሁ። በሣጥን ያለ በረዶ እየገዛች ነበር የምትሠራው፣ ከስታለች። ኦሲሎስኮፑን አወጣሁ። መጀመሪያ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት፣ መብራት ነበር። «ይህን እይ። ይኸኛው የከተማው መብራት ነው።»

«ለስላሳ ነው» አለች። «ነፋስ ሳይነሣ ጠዋት ጣናን የመሰለ።»

ጄኔሬተሯን አስነሥቼ ሰካሁ። «ይኸውልሽ ያንቺ።»

ፊቷን አጨፈገገች። «ይኸ ደግሞ ዓለት ላይ የሚሰበረው ነው። ወንድሞቼ እዚህ ላይ ጀልባ አያወጡም።»

ክዳኑን ከፍቼ ከሰፊውና ከጠባቡ ጥቅል ጭንቅላት ላይ ቫርኒሹን በምላጭ ፍቄ ዙሩን አስቆጠርኋት፤ ሰፊውን ቆጠረች፣ ጠባቡን ቆጠረች። እኩል ነው። እኩል ሲሆን ትከሻ እንደሚያወጣ፣ ትከሻው ሞተሩን እንደሚያግል፣ እኔ የፋብሪካውን ከቆጠርሁ ወዲህ እንዲህ ጠቅልዬ እንደማላውቅ፣ ሁሉንም ነገርኋት። ጎበዝ ናት፣ ከፊዚክስ መጽሐፉ ፈጥና ገባት። ገብቷት ሲያበቃ ግን ወደ ክሩ አመለከተች።

«ሞገዱን አየሁት እኅቴ። እንዴት እንደ ተጠቀለለ ነገረኝ። ማን ጠቀለለው ስለው ግን ዝም ይላል። ክሩ ያንቺ ነው። አጎትሽ ስላንቺ ብለው በሰው ፊት ይቅርታ ለምነውኛል። ያሳደገ ሰው እንዲህ ይዋሻል? ወላሂ፣ እሱን ከማምን አንቺ ረሳሽው ብል ይቀለኛል።»

እኔም ብሆን በእሷ ቦታ ያንኑ እል ነበር። ክዳኑን መልሼ አሰርሁና ወጣሁ። በሐይቁ ዳር ስሄድ አለቀስሁ፤ ስለ አጎቴ ሳይሆን ስለ እሷ ነው ያለቀስሁት፣ ወይም ስለ ሁለቱም፣ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን እሑድ ቀን እትዬ ዘንዘልማ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፣ ቄጠማ በመሰለ ቀጭን እንጨት ተደግፈው። ክፍሌን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ባዶውን ማጠንጠኛ፣ ያልተከፈተውን የሽቦ ጥቅል። ውኃ ሰጠኋቸው።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉኝ።

«አይደለሁም እትዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ውኃውን ጠጥተው፣ ጉንጬን ስመው ሄዱ። እያወቁ ለምን እስከዛሬ ዝም አሉ ብዬ በእሳቸውም አዘንሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ በእሳቸው አዘንሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ወዳጄ ናት። እትዬ በሳምንቱ ጋሪ ጠርተው፣ ሳሎናቸው ውስጥ የቆመውን የራሳቸውን ፍሪጅ አስጫኑ። ከጋሪው ጎን ጎን በእግራቸው እየሄዱ ወደ ዓሣ ነጋዴዋ ግቢ አደረሱት። በሥራ ላይ የነበሩት ወንድሞቿና ጎረቤቶቹ ባሉበት፣ «ልጅቷ አይደለችም፣ ባለቤቴ ናቸው። ምሳ ይዤ ስገባ በቀዩ ክር ሲያስሩት አይቻለሁ። ይህ በፍሪዘርሽ ፋንታ ነው» አሏት። ፍሪጁን በወንድሞቿ አስወርደው የት እንደሚቆም አሳዩአቸው። ቡና ልታፈላላቸው ስትል እንቢ አሉ። ጋሪው ላይ ወጥተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ለአጎቴም ምሳቸውን አቀረቡላቸው።